እርሳስ 82 ነው ወይስ 6? ኬሚስትሪን በኪው አር ኮድ ፍለጋ ማስተማር

ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዲት እርሳስ ከበው ያደረጉት ክርክር ነው። እርሳሷ በክር ታስራ የመስኮት ፍርግርግ ላይ ተንጠልጥላለች። አጠገቧ የተለጠፈው ወረቀት «የሚጽፈው ጥቁር ክፍል ከምን ንጥረ ነገር ተሠራ? የአቶም ቁጥሩስ ስንት ነው?» ይላል። ከጥያቄው በታች ሦስት ኪው አር ኮዶች አሉ፤ በአንዱ ሥር 6፣ በሌላው 12፣ በሦስተኛው 82 የሚል ቁጥር ተለጥፏል። ልጆቹ የንጥረ ነገሮችን ሰንጠረዥ ገልጠው ስሙን ፈለጉ፤ እርሳስ፣ 82። ኮዱን ስካን ሲያደርጉ «ወደ ባንዲራው ሂዱ» አላቸው። ሮጡ። እዚያ የጠበቃቸው ግን ቀጣዩ ጥያቄ ሳይሆን አንድ ቁራሽ ከሰልና እንዲህ የሚል ወረቀት ነው፦ «በከሰሉ ወረቀት ላይ ጫሩ። በእርሳሳችሁም ጫሩ። ሁለቱንም መስመር በጣታችሁ እሹት። ከዚያ ተመልሳችሁ እንደገና አስቡ።» አንዷ ልጅ የጠቆረ ጣቷን እያየች ወደ እኔ ዞረችና «ቲቸር፣ እርሳስ እርሳስ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

አይደለም። በአማርኛ ለብረቱም ለመጻፊያውም የምንጠራው በአንድ ስም ስለሆነ ተማሪዎቻችን ይህን ስህተት ለዓመታት ይዘውት ይቆያሉ። የእኛ ብቻም አይደለም፤ አውሮፓውያንም ግራፋይትን ለረጅም ጊዜ የእርሳስ ዘመድ አድርገው ያዩት ነበር። ካርቦን መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1779 ያሳየው ስዊድን ውስጥ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ካርል ዊልሄልም ሼሌ ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ብጽፍላቸው ገልብጠውት ያልፉ ነበር። እግሯን አድክማ፣ ጣቷን አጥቁራ ያገኘችውን ግን ልጅቷ ከወር በኋላም አልረሳችውም።

በኪው አር ኮድ ፍለጋ ኬሚስትሪ ማስተማር የምትፈልጉ መምህራን ከሁሉ በፊት ይህችን ያዙልኝ፦ ትክክለኛው መልስ ብቻ ሳይሆን ስህተቱም የሚሄድበት መንገድ ይኑረው። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ፍለጋ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ ኮዱ ሲነበብ ጥያቄ እንዲመጣ አድርጎ ያበቃል። ይህ ጥያቄን ከመጽሐፍ ወደ ግድግዳ ማዛወር ነው። ሩጫው ደስ ይላል፣ ትምህርቱ ግን በነበረበት ይቆያል።

በጥያቄው ጀምሩ

ኮምፒዩተር ከመክፈታችሁ በፊት የተማሪዎቻችሁን የፈተና ወረቀቶች አውጡ። የምትፈልጉት የተሳሳቱ መልሶችን ነው። አንድ ዓይነት የተሳሳተ ቁጥር በብዙ ወረቀት ላይ ካገኛችሁ ከጀርባው አንድ ዓይነት አስተሳሰብ አለ። ያ ቁጥር ከሦስቱ ኮዶች በአንዱ ሥር ይገባል። ተማሪዎችን ለማሳሳት ብቻ ከአእምሯችሁ የፈጠራችሁትን ቁጥር አታስገቡ፤ ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ ስለ ራሱ የሚማረው ነገር የለውም።

ኖራውን እንውሰድ። በግቢያችን የመንገዱ ዳር ድንጋዮች በኖራ ይቀባሉ። ቀለም ቀቢው በባልዲ የሚያቀርበው እርጥቡ ኖራ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ጥያቄው «የዚህ ውህድ ሞላር ማስ ስንት ነው?» የሚል ነው። ካልሲየም 40፣ ኦክስጅን 16፣ ሃይድሮጅን 1 መሆኑ ተሰጥቷል። ትክክለኛው መልስ 74 ነው፤ በቅንፉ ውስጥ ያለው 17 ሁለት ጊዜ ተወስዶ 34፣ ከ40 ጋር 74። ከቅንፉ ውጭ ያለችውን 2 ለሃይድሮጅን ብቻ የሰጠ ተማሪ 58 ያገኛል። ጭራሽ ያላያት ደግሞ 57 ይላል። በ58 እና በ57 መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቢሆንም ሁለቱ ተማሪዎች የሚያስፈልጋቸው እርዳታ አንድ አይደለም። ስለዚህ 58ን ተከትሎ የሄደው ቡድን «ቅንፉ ውስጥ ስንት ዓይነት አቶም አለ? ከቅንፉ ውጭ ያለውን ቁጥር ለማን ሰጣችሁ? ማንን ከለከላችሁ?» የሚል ወረቀት ያገኛል። በ57 የሄደው «ቀመሩን አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ያላነበባችሁት ቁጥር አለ?» የሚል ይጠብቀዋል። ሁለቱም ወረቀቶች መልሱን አይናገሩም፣ እንዲናገሩም አታድርጉ።

ጎበዝ ቡድን ቀድሞ ከጨረሰ ለኖራው ተጨማሪ ጥያቄ አለኝ። ድንጋዩ ላይ ደርቆ የምናየው ነጭ ነገር ያው በባልዲ የነበረው አይደለም፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኗል። ሞላር ማሱ 74 መሆኑ ቀርቶ 100 ነው። «26ቱ ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ 44 ነው፤ ታዲያ 18ቱ የት ሄደ? ውሃ ሆኖ መውጣቱን ራሳቸው ሲደርሱበት ማየት ለእኔ የዓመቱ ደስታ ነው።

የቀሩትን ሦስት ጣቢያዎቼን በአጭሩ ላስቀምጥ። በዛገው የበር ማጠፊያ አጠገብ ብረትና ኦክስጅን ተዋህደው ብረት ኦክሳይድ የሚሆኑበትን እኩልታ አመጣጥነው የፊት ቁጥሮቹን ይደምራሉ። 4፣ 3 እና 2 ተደምሮ 9 ነው። ኦክስጅን በአየር ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆኖ እንደሚገኝ የዘነጋ 6 ያገኛል፣ ጨርሶ ያላመጣጠነ 3። እውነተኛ ዝገት ውስጡ ውሃም እንዳለበት በቃል ንገሯቸው። ከአፋር በመጣ አሞሌ ጨው አጠገብ «የሶዲየም አዮን ስንት ኤሌክትሮን አለው?» የሚል ተለጥፏል፤ 10 ትክክል ነው፣ 11 የአቶሙ ነው፣ 12 ደግሞ የመደመር ምልክቷን «ኤሌክትሮን ተጨመረ» ብሎ ያነበበ ተማሪ መልስ ነው። በሎሚው ጣቢያ «ፒኤች 3 የሆነ ፈሳሽ ፒኤች 5 ከሆነው ስንት እጥፍ አሲድ ነው?» እላለሁ። 100 እጥፍ ነው፤ 2 እና 20 የሚሉት ብዙ ናቸው። ይህች ጥያቄ ለ9ኛ ክፍል ከበደች ካላችሁ ለላይኛው ክፍል አቆዩአት።

አምስት ጣቢያ ይበቃል። ስምንት ሞክሬ ደወል ተደውሎብኝ ግማሹ ክፍል ግቢ ውስጥ ተበትኖ ቀርቷል።

ኮዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል

የመጀመሪያ ፍለጋዬ የወደቀው በዚህ ነው። እያንዳንዱ ኮድ የድረ ገጽ አድራሻ እንዲከፍት አድርጌ ነበር። በዕለቱ ኔትወርክ ጠፋ፤ ልጆቹ ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ እያደረጉ ሲዞሩ ክፍለ ጊዜው አለቀ። ሁለተኛው ደግሞ በሌላ መንገድ ወደቀ። በነጻ ኮድ የሚሠራ ድረ ገጽ ላይ አዘጋጅቼ፣ አትሜ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቼ ስጠቀምበት ኮዶቹ «አገልግሎቱን ለመቀጠል ይክፈሉ» ወደሚል ገጽ ይወስዱ ጀመር።

ሁለቱንም የሚያስቀር መፍትሔ አለ። ኪው አር ኮድ የግድ ወደ ኢንተርኔት የሚወስድ በር አይደለም። ጽሑፉን ራሱን በውስጡ መያዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ የዴንሶ ባልደረባ የነበረው ማሳሂሮ ሃራ ከጓደኞቹ ጋር ሲሠራው ዓላማው የመኪና መለዋወጫ ዕቃዎችን በፍጥነት መለየት ነበር፤ መረጃው ያለው እዚያው በጥቁርና ነጭ ነጠብጣቦቹ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኮድ ስትሠሩ «አድራሻ» የሚለውን ሳይሆን «ጽሑፍ» የሚለውን ምረጡ። «ተለዋዋጭ ኮድ» የሚባለውን ተዉት፤ እሱ በሌላ ሰው ሰርቨር በኩል የሚያልፍ አጭር አድራሻ ስለሆነ ባለቤቱ ሲዘጋው ይሞታል። ጽሑፉን በውስጡ የያዘው ቋሚ ኮድ ግን ወረቀቱ እስካለ ድረስ ይሠራል፣ የሚያበቃበት ቀንም የለውም።

ለመሥራትም ኢንተርኔት አያስፈልጋችሁም። ሊብሬ ኦፊስ የሚባለው ነጻ የጽሕፈት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 6.4 እትም ጀምሮ ኪው አር ኮድ መሥሪያ አለው። «ኢንሰርት» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ «ኦ ኤል ኢ ኦብጀክት» የሚለውን ይዛችሁ ግቡና ኪው አር የሚለውን ምረጡ። በሚከፈተው ሳጥን ውስጥ ጽሑፋችሁን ጻፉ። ከሥሩ የስህተት እርማት ደረጃ ይጠይቃችኋል። ደረጃዎቹ አራት ናቸው፤ ኮዱ ተቀዶ ወይም ተበላሽቶ እንኳ እንዲነበብ እስከ 7፣ 15፣ 25 ወይም 30 በመቶ ገደማ የሚደርስ ጉዳትን ይሸከማሉ። ለግቢ ሥራ ሁለተኛው፣ 15 በመቶው፣ ይበቃል። ነፋስና አቧራ ካለ ሦስተኛውን ውሰዱ።

አሁን አንድ የፊደላችን ጉዳይ አለ። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ሲቀመጥ የ3 ባይት ቦታ ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው ፊደል 1 ብቻ። ስለዚህ ረጅም የአማርኛ አንቀጽ ኮድ ውስጥ ብታስገቡ ነጠብጣቦቹ እንደ ጤፍ ይደቅቃሉ፣ ርካሽ ካሜራም አያነባቸውም። ጽሑፉን አሳጥሩት። «ወደ ውሃ ቧንቧው ሂዱ» የሚለው ከነክፍተቱ 33 ባይት ነው፤ በ15 በመቶው ደረጃ ጎኑ 29 ነጠብጣብ ብቻ የሆነ ኮድ ይወጣዋል። ይህ በማንኛውም ደህና ስልክ ይነበባል። ጥያቄውንና የእርዳታ ጽሑፉን ኮድ ውስጥ አትክተቱ፤ ወረቀቱ ላይ በደማቁ አትሟቸው። ኮዱ የሚናገረው የት እንደሚሄዱ ብቻ ይሁን።

ሦስቱም ኮዶች ቦታ ብቻ የሚናገሩበት ሌላም ምክንያት አለ። «ትክክል» ወይም «ስህተት» የሚል ቃል ከገባበት ተማሪው ሳያሰላ ሦስቱንም ስካን ያደርግና ትክክለኛውን ይመርጣል። ሦስቱም «ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ»፣ «ወደ ባንዲራው»፣ «ወደ ውሃ ቧንቧው» ካሉት ግን ሦስቱን ማንበቡ ምንም አልጠቀመውም፤ ሄዶ ማየት አለበት። ማስላት ከመሮጥ እንደሚቀል በሁለተኛው ጣቢያ ላይ ራሳቸው ይደርሱበታል። ቦታዎቹ ከጣቢያው ያላቸው ርቀት ተመጣጣኝ ይሁን፤ አንዱ አጠገብ፣ ሌላው ግቢው ጥግ ከሆነ ቅርቡን ቀድመው ይሞክራሉ።

ቋንቋውን በተመለከተ የእኔ ልማድ ይህ ነው፦ ኬሚስትሪ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥና ፈተናውም በዚያው ስለሆነ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ስህተት የሠራ ቡድን የሚያነበው ወረቀት ግን ልጆቹ በሚያስቡበት ቋንቋ ይሁን። ግራ የተጋባን ልጅ በሁለተኛ ቋንቋ ማጽናናት ሌላ ግራ መጋባት ነው።

ማተምና መለጠፍ

የኮዱ ጎን ቢያንስ 6 ሳንቲ ሜትር ይሁን። እንደ ልማድ ስልኩ ከኮዱ ጎን አሥር እጥፍ ያህል ርቀት ድረስ ያነብባል፤ 6 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 60 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። አምስት ልጅ ተጋፍቶ ለሚያይበት 8 ብታደርጉት ይሻላል። በዙሪያው ነጭ ክፍት ቦታ ተዉ፤ ስፋቱ የአራት ነጠብጣብ ያህል መሆን አለበት። ቦታ ለመቆጠብ ብዬ በጥቁር መስመር ከብቤው የነበረ ኮድ አልነበብ ብሎኛል። በነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር ይሁን። የሚያብረቀርቅ ስኮች በኮዱ ላይ አታሳልፉ፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ካሜራው ያያል እንጂ አያነብም። ጠርዙን ብቻ ለጥፉ።

ከሥሩ ያሉትን ቁጥሮች፣ 74፣ 58፣ 57 የሚሉትን፣ ከኮዱ ጋር አብራችሁ አታትሟቸው። በተለየ ቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ለጥፏቸው። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ።

ሁሉንም ለጥፋችሁ ስትጨርሱ ያላችሁን ደካማውን ስልክ ይዛችሁ አንድ ዙር ሂዱ። አንዳንድ ስልክ ካሜራው ኮዱን በራሱ ያነብባል፣ አሮጌው ደግሞ ማንበቢያ መተግበሪያ ይፈልጋል። ጽሑፉን አንብቦ ኢንተርኔት ላይ ልፈልገው የሚልም አለ፤ ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ሙሉ በሙሉ መታየቱን አረጋግጡ። በገንዘብ መክፈያ መተግበሪያ ውስጥ ያለው ስካነር ለክፍያ ኮድ የተሠራ ስለሆነ ለዚህ ሥራ አትተማመኑበት።

ስልኩ የማን ይሁን?

በብዙ ትምህርት ቤት ተማሪ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ክልከላውም ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ርዕሰ መምህሩን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ ስትሄዱም ጥያቄዎቹን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወረቀቱን ያየ ኃላፊ ሐሳቡን ቶሎ ይረዳዋል። እኔ አሥር ስልክ ከመምህራን ጓደኞቼ እዋሳለሁ። ለ50 ተማሪ አሥር ቡድን፣ ለአንድ ቡድን አንድ ስልክ ማለት ነው። አንድ ቡድን አንድ ስልክ መያዙ ከእጥረት የመጣ ቢሆንም ስልኩ ቢበዛም አልቀይረውም። ስልክ ለየብቻ ሲይዙ እያንዳንዱ ለብቻው ይሮጣል፤ አንድ ሲሆን ግን ወደ የትኛው ቁጥር እንደሚያዞሩት መስማማት አለባቸው፣ ኬሚስትሪውም ያለው በዚያ ክርክር ውስጥ ነው።

አንድ ጥብቅ ሕግ አውጡ፦ ስልኩን የያዘው አያሰላም፣ ያሰላው ስልክ አይዝም። በየጣቢያው ይቀያየሩ። አለዚያ አንዱ ጎበዝ ሁሉንም ሠርቶ አራቱ ከኋላው ይሮጣሉ። በተለይ ሴት ተማሪዎች «ጻፊ» ተብለው ብዕር ብቻ ይዘው እንዳይቀሩ ዓይናችሁን ጣሉ።

በዕለቱ

ከ40 ደቂቃው 5ቱ ለማብራሪያ፣ 25ቱ ለፍለጋ፣ 10ሩ ለመወያያ ነው። አምስቱ ጣቢያዎች እንደ ቀለበት የተያያዙ ይሁኑ፤ ከአምስተኛው ትክክለኛ መልስ ወደ አንደኛው ይመልሳል። ሁለት ሁለት ቡድን ከየጣቢያው አስጀምሩ፤ ያኔ አንድ ጣቢያ ላይ ሃምሳ ልጅ አይጋፋም። ለእያንዳንዱ ቡድን ስሌቱን የሚጽፍበት ወረቀት ስጡ፤ ስሌት ያልተጻፈበት መልስ ቀድሞ ቢደርስም አይቆጠርም።

ወረቀት የምትለጥፉበትን ቦታ ስትመርጡ ከኤሌክትሪክ ሳጥን፣ ከደረጃ አፋፍ፣ ከመኪና መንገድ ራቁ። የላቦራቶሪ መደርደሪያም አይሁን። ሎሚና ጨው ምንም አይሉም፣ በረኪናን ግን ወደ ፍለጋው አታምጡት፤ ሎሚን ከመሰለ አሲድ ጋር ከተገናኘ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። እርጥብ ኖራም ዓይን ያቃጥላልና የደረቀው ድንጋይ ይበቃል።

እናንተ አትሩጡ። ስህተት የሠራ ቡድን በሚደርስባቸው ወረቀቶች አጠገብ ቁሙ። በእያንዳንዱ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ግርጌ የደረሰ ቡድን አንድ ሰረዝ ያድርግ። መጨረሻ ላይ ሰረዞቹን ቁጠሩ። እኔ ባለፈው ጊዜ ከአሥሩ ቡድን ሰባቱ 82 ላይ፣ አምስቱ 58 ላይ ሰረዝ ጥለው አገኘሁ። የቀመር ቅንፍን በሚገባ አስተምሬአለሁ ብዬ አምን ነበር፤ አምስቱ ሰረዞች አለማስተማሬን ነገሩኝ። አሥሩን የውይይት ደቂቃ ብዙ ሰረዝ ላለበት ወረቀት ብቻ ስጡ፤ መጀመሪያ የሚናገረውም ተሳስቶ የተመለሰ ቡድን ይሁን፤ «ምን ብላችሁ ነበር፣ ምን አስመለሳችሁ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ለሚቀጥለው ክፍል

ሀ ክፍል ፍለጋውን ጨርሶ ሲወጣ ለ ክፍል በእረፍት ሰዓት መልሱን ሁሉ ሰምቶታል። እዚህ ላይ ነው በተለየ ቁራጭ የጻፋችኋቸው ቁጥሮች የሚጠቅሙት። ኮዶቹን አትንኳቸው፤ ጥያቄውንና ቁራጮቹን ብቻ ቀይሩ። በኖራው ጣቢያ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድን በአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ተኩና 74፣ 58፣ 57ን አንሥታችሁ በቦታቸው 78፣ 46፣ 44ን ለጥፉ። ቅንፉ ያው ቅንፍ ስለሆነ የእርዳታ ወረቀቶቹ እንዳሉ ይሠራሉ። በጨው ጣቢያ ስለ ክሎራይድ አዮን ጠይቁ፤ 18፣ 17፣ 16። በሎሚው ፒኤች 2 እና 5 አድርጉት፤ 1000፣ 3፣ 30። ዝገቱን በሌላ እኩልታ ለውጡት። በእርሳሷ ላይ ደግሞ የአቶም ቁጥሩን ሳይሆን የአቶም ክብደቱን ጠይቁ፤ 6 በነበረበት 12፣ 12 በነበረበት 6፣ 82 በነበረበት 207 ይለጠፋል። ከጓደኛው «መልሱ 6 ነው» የሚለውን ሰምቶ የመጣ ልጅ ጥያቄውን ሳያነብ ስልኩን ወደ 6 ያዞራል። ኮዱም «በሰንጠረዡ ሳጥን ውስጥ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ የተጠየቃችሁት የትኛውን ነው?» ወደሚለው ወረቀት ይልከዋል።